ከውጭ የገባ ዝገት

ዐዋጢፍ የማሞቂያ ክፍሉን በር ስትከፍት የወጣው ሙቀት ወደ ኋላ አስፈገፈጋት። ማሞቂያው ይነድዳል። የፊት ለፊቱ ነጭ ቆርቆሮ በጥላሸት ጠቁሯል። ከሥሩ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት መሐንዲስ በደረቱ ተደፍቷል፤ አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

«ወንድሜ!» ብላ ጠራችው። አልመለሰም። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታስገባ ጭንቅላቷ ዞረ፤ ጉልበቷም ከዳት። በዳዴ ወጥታ ሣሩ ላይ ወደቀችና ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

ሽመል ጥላ ሎጅ ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ያስጠራው አልጋው ወይም ምግቡ ሳይሆን ሙቅ የመዋኛ ገንዳው ነበር። ስትሮክ መትቷቸው የተረፉ፣ ወገባቸው የተያዘ፣ እግራቸው የዛለባቸው ሰዎች ከባምባሲና ከመንዲ እየመጡ ውኃው ውስጥ ቆመው መራመድ ይለማመዱበታል። ችግሩ ማሞቂያው ነበር። ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት የሚያገለግለው ዓይነት እዚህ ዓመት አይሞላውም። ሁለቱ በዝገት አልቀው ተጥለዋል፤ ሦስተኛውም ጥላሸት መትፋት ጀምሮ ነበር። መሐንዲስ ካሌብ የተጠራው ምክንያቱን እንዲያገኝ ነው።

ዋና ኢንስፔክተር ሸዋሉል ስትደርስ ጋዙ ተዘግቶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታካሚዎቹ ግን ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ወደ በሩ ሲሮጡ ወደ ገንዳው ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ነበር።

«አደጋ ነው፤ ብዙም የሚያደክመን አይመስለኝም» አላት ሳጅን ጌትነት። «የበሰበሰ ማሞቂያ ለኮሰ፣ በሩን ዘጋ፣ ጭሱ ገደለው። ሐኪሙም በስልክ ሲነግረኝ ፊቱ እንዲህ የቀላው ከጭሱ ነው ብሏል።»

«በሩን ማን ዘጋው?»

«ራሱ ይሆናላ።»

ሸዋሉል ተንበርክካ የሟቹን ፀጉር በጣቷ ገለጥ አደረገች። ማጅራቱ ላይ ያበጠ፣ ደም የቋጠረ ምት አለ።

«ወደ ፊት የተደፋ ሰው ማጅራቱን የሚመታው እንዴት ነው፣ ጌትነት?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ምቱን አየ። ፈገግታውም ከፊቱ ጠፋ።

ሸዋሉል ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። አየር የሚገባው ከግድግዳው ግርጌ ባለ አንድ ቀዳዳ ሲሆን፣ በቀዳዳው ላይ አግድም ብረቶች ተደርድረዋል፤ እነሱም ዝገዋል። የበሩ ማጠፊያ ዝጓል። የአምፖሉ መያዣ፣ የመደርደሪያው ቡለን፣ ግድግዳው ላይ የተመታው ምስማር ሳይቀር ዝጓል። ሥራ ጠረጴዛው ላይ ካሌብ ከአሮጌው ማሞቂያ ቆርጦ ያወጣው የመዳብ ቱቦ በጨርቅ ላይ ተቀምጧል። አንሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ውስጡ አዲስ ሳንቲም ይመስል ያብረቀርቃል። ላዩ ግን አረንጓዴ ሆኖ ተቦርቡሯል፤ በጥፍሯ ስትነካው እንደ ቅርፊት ረገፈ።

ወደ አየር ማስገቢያው ጎንበስ አለች። ከብረቶቹ ላይ ዝገቱ በቅርቡ ተፍቆ ተነሥቷል፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

ክሩን በወረቀት ጠቅልላ ወጣች። ከወጣች በኋላም እስከ ገንዳው ጠርዝ ድረስ ትንፋሿን ይዛ መሄዷን ያወቀችው ደረቷ ሲያማት ነው።

*

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጂራታን ነበር። ጂራታ የባምባሲ ሰው ነው፤ ገንዳውንና ማሞቂያውን የሚጠብቀው እሱ ነው። የሚተኛውም ከማሞቂያ ክፍሉ ግድግዳ ጋር በተያያዘች ጎጆ ውስጥ ነው። የውኃ ብርጭቆ ሰጠችው። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ግማሹ ጭኑ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ያስፈራሃል?»

«ሁሉም እኔን እንደሚል አውቃለሁ። ገንዳው ውስጥ አሲድና ክሎሪን የምጨምር እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ማሞቂያ ሲዝግ ‹አሲድ አብዝተህ ነው› አሉኝ። ልኩን ጨመርኩ። ሁለተኛውም ዛገ። ጀሪካኖቹን ከክፍሉ አውጥቼ ማንጎው ሥር ወስጄ አስቀመጥኳቸው። አሁንም ዛገ። ምን ላድርግ?»

«እጅህ እንዲህ ሲሆን ቆየ?»

«ቆይቷል። አፌን ብረት ብረት ይለኛል። ድዴ ይደማል። እንቅልፍም የለኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር አለ ብዬ ለአቶ ዳኜ ነግሬያቸው ነበር። ሳቁብኝ። ግን ደግ ሰው ናቸው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ‹ሂድ፣ ቤተሰብህን እይ› ብለው ወደ ባምባሲ ይልኩኛል። ያን ቀን ማሞቂያውም አይሠራም፤ ክፍሉ ተዘግቶ ይውላል።»

«ትናንት ካሌብ ምን አለህ?»

«ጋዙን እኔ እያየሁ ዘጋው። ‹ማንም እንዳይለኩሰው፤ ይህ ማሞቂያ ሰው ይገድላል› አለኝ። ሲሠራም በሩን በብሎኬት ደግፎ ከፍቶ ነበር የሚሠራው። ወደ ማታ አቶ ዳኜ ከተማ ላኩኝ፤ ስመለስ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጎጆዬ ገብቼ ተኛሁ።» ዓይኑን ጨፈነ። «እሱ ከግድግዳው ወዲያ እየሞተ እኔ ተኝቼ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ሁለተኛው ማቲ ነው። ማቲ ማሞቂያዎቹን ከውጭ አገር አስመጥቶ ለሎጁ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ከካሌብ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነበር የመጣው። ላብ አጥምቆታል።

«ከመጠየቅሽ በፊት ልንገርሽ። አዎ፣ ተጣልተናል። ምሳ ላይ በሁላችን ፊት ‹ችግሩን አገኘሁት፤ ከውጭ ነው የመጣው› አለ። ምን ማለት ነው? ከውጭ ያስመጣሁት እኔ ነኝ! ዕቃህ ቆሻሻ ነው ማለቱ አይደለም?»

«እሱን ጠየቅኸው?»

«ጮህኩበት እንጂ አልጠየቅሁትም። ‹ነገ ጠዋት ሁላችሁም ባላችሁበት አሳያችኋለሁ› አለና ዝም አለ። እኔ ግን አልገደልኩትም። አስቢው እስቲ፦ የእኔ ማሞቂያ ሰው ገደለ ከተባለ ነገ ከእኔ ማን ይገዛል?»

ሸዋሉል ይህን የመጨረሻ ቃሉን ልብ አለችው።

ዐዋጢፍ ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሆሞሻ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ የምትለውን ግን በደንብ ታውቃለች።

«አንተ ተመልከት ይሄን» አለች አንድ ነጭ ፎጣ እየዘረጋች። ፎጣው ላይ ቀይ ቡኒ መስመሮች እኩል እኩል ተሰልፈዋል። «ዛሬ ጠዋት በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ አገኘ። እኔ አይደለም የዘፈዘፈ፣ ወላሂ! ዝገት በበረኪና አይለቅም፤ ይብሳል፣ ይጸናል። እኔ ሎሚና ጨው ነው የማደርግ።»

«ሌላ ማን ያውቃል ይህን?»

«ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሄ ያደረገ ሰው በሕይወቱ ልብስ አጥቦ አያውቅም።»

ሸዋሉል ክሯን ከፎጣው ጋር አስተያየች። አንድ ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የአየር ማስገቢያው ብረቶች ርቀት ነበር።

*

የሎጁ ባለቤት አቶ ዳኜ በረንዳ ላይ ተቀበላት። ወላጆቹ በደርግ ዘመን ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ያደገው እዚሁ ነው። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ይወደዋል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። አንድ እጁን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ ወንበር ሳበላት።

«እንደ ልጄ ነበር ያየሁት። አስከሬኑን በክብር ለቤተሰቡ አደርሳለሁ። ያ ማሞቂያ ግን... እኔ ራሴ ሰባብሬ እጥለዋለሁ።»

«ትናንት ክፍሉ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«ኧረ እኔ እዚያ ከገባሁ ወራት አልፎኛል። የጂራታ ሥራ ነው።»

«ካሌብ ‹ከውጭ ነው› ሲል ምን ማለቱ ይመስልዎታል?»

«አልገባኝም። ምናልባት ዕቃውን ይሆናል።» በዚህ ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ዳኜ ሳያስበው እጁን ከኪሱ አውጥቶ ስልኩን አነሣ፤ ደዋዩን ዘግቶ መልሶ ከተተው። ጣቱ ላይ ነጭ፣ ደብዛዛ ቀለበት ነበር።

ሚስቱ ወይዘሮ አገኘሁሽ ግን ለማንም ሳይሰስቱ ይናገራሉ። ካሌብን በዘመድ አፈላልገው ያስጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ባላቸው ለሥራ ሆሞሻ ስለነበር ሳያማክሩት ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቶት በገንዳው ውኃ ነው መራመድ የቻሉት። ከአየር ማስገቢያው ፊት ለፊት ባለችው የገንዳ ዳር አግዳሚ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፤ ማሞቂያው በማይሠራበት ቀንም እዚያው ነው የሚውሉት። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው።

«እትዬ፣ በየቀኑ ነው የሚዋኙት?»

«አዎን አንቺየ። ዘለቄታ ያለው ነገር እንዲሆንልኝ ብዬ ነበር ልጁን ያስጠራሁት። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። «በሽታው ደግሞ ሊመለስብኝ ነው መሰል። እዪው፣ እጄን።»

ሸዋሉል እጆቹን አየች። ቀኙም ግራውም። ስትሮክ የመታው ቀኙን ብቻ ነው ብለዋታል።

«ይህ ቀለበትዎ ቆንጆ ነው» አለች። በወይዘሮዋ ጣት ላይ ያለው ወርቅ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

«አባቴ ናቸው ከመንጌ ወርቅ አምጥተው ከዚያው ለሁለታችን ያሠሩልን። የዳኜ ከጣቱ አይወጣም፤ ባለፈው ታሞ ሐኪም ቤት ሲገባ እንኳ በሳሙና ብለው ብለው አቃታቸው።»

«ትናንት ካሌብ ‹ከውጭ ነው› ሲል ባልዎ ምን አሉ?»

«ማቲ ጮኸ። ጂራታ ‹በአጥር የሚገባ ሰው አለ ማለት ነው?› አለ። እኔም ‹ምንድን ነው ልጄ?› አልኩት። ዳኜ ብቻ ምንም አልጠየቀውም።»

*

ሸዋሉል አፍንጫዋን በእርጥብ ጨርቅ አስራ፣ የእጅ መብራት ይዛ ወደ ማሞቂያ ክፍሉ ተመለሰች። ጌትነትን ከውጭ አቆመችው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ብርሃኑን ወደ ግድግዳው ጥግ ስትልክ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በክብሪት እንጨት ስትነካው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ተንከባልለው ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። ከወዲያ ደግሞ ሌላ ነበር። ከወዲያም ሌላ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ ወርቅ አጣቢ ነበሩ። ወርቁን ከአሸዋ ለመልቀም ሜርኩሪ ይጠቀሙ ነበር፤ ከዚያ ቤት ውስጥ በመጥበሻ ያቃጥሉታል። ብር መሳዩ ፈሳሽ ተንኖ ሲጠፋ ወርቁ ይቀራል። ትነቱ አይሸትም፣ አይታይም። በመጨረሻ ዘመናቸው አባቷ ማንኪያ ወደ አፋቸው ማድረስ አቅቷቸው እሷ ነበረች የምታጎርሳቸው።

ክብሪቱን ጥላ ወጣች። ጌትነት ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ «አትንካኝ፣ ጫማዬንም አትንካ» አለችው። «ታካሚዎቹን ሁሉ ከግቢው አውጣ። የጂራታን ጎጆ ማንም እንዳይገባባት። ቤተሰቡንና ሠራተኞቹን ወደ ሜዳው አምጣልኝ፤ ከክፍሉ ራቅ ብለው፣ ንፋሱ ከእነሱ ወደ ክፍሉ በሚነፍስበት በኩል።»

«ምን አገኘሽ?»

«ሁሉንም ሲገድላቸው የከረመውን።»

*

ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ማቲ ቆሟል። ጂራታ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደብቋል። ዐዋጢፍ ፎጣውን ጠቅልላ ይዛለች። አገኘሁሽ ወንበር ላይ፣ ዳኜ ከኋላቸው አንድ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፎ፣ ሌላውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ሁሉም አንዱ አንዱን በስርቆት ያያል።

«ካሌብ ዛሬ ጠዋት ሊያሳያችሁ የነበረውን እኔ አሳያችኋለሁ» አለች ሸዋሉል፣ የመዳቡን ቱቦ አንሥታ። «ማሞቂያው ውስጥ ውኃ የሚያልፈው በዚህ ነው። ውኃው አሲድ በዝቶበት ቢሆን ኖሮ ቱቦውን ከውስጥ ይበላው ነበር። የሚሟሟው መዳብ ደግሞ ነጭ ፀጉርን አረንጓዴ ያደርጋል። እትዬ አገኘሁሽ በየቀኑ ይዋኛሉ፤ ፀጉራቸውን እዩት።»

ሁሉም አዩ። ነጭ ነው።

«የቱቦው ውስጥ ያበራል። የተበላው ላዩ ነው። ካሌብ ‹ከውጭ ነው› ያለው ይህንን ነው። ከውጭ አገር ማለቱ አይደለም፣ ማቲ። በአጥር የገባ ሰውም አይደለም፣ ጂራታ። ዝገቱ የጀመረው ከቱቦው ውጭ፣ ከክፍሉ አየር ነው ማለቱ ነበር። እያንዳንዳችሁ የምትፈሩትን ሰማችሁ። በትክክል የገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ምንም አልጠየቀም።»

ዳኜ ከሚስቱ ትከሻ ላይ እጁን አነሣ።

«አየሩን ያበላሸው ምንድን ነው? የገንዳው አሲድ ከክፍሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ብረቱ ግን መዛጉን አላቆመም። ስለዚህ ጂራታ የማያውቀው ሌላ አሲድ እዚያ ውስጥ ይተን ነበር፤ ክፍሉ ተዘግቶ፣ ጂራታ ወደ ባምባሲ በሚላክበት ቀን። ወለሉ ላይ ደግሞ ሜርኩሪ አግኝቻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ከሕግ ውጭ የሚገዛውን ወርቅ ያነጥራል፤ ሜርኩሪውን በእሳት ያተናል፣ ወርቁን በአሲድ ያጠራል። የጋዝ እሳት አለ፣ ጭስ ማውጫ አለ፤ በአሲድ ጀሪካን የማይጠረጠር ክፍል በዚህ ግቢ ያ ብቻ ነው።»

«ሜርኩሪ?» አለ ጂራታ። ወደ እጁ አየ።

«አዎ ወንድሜ። አልጋህ ከግድግዳው ጋር ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር አለ ያልከው እውነትህን ነው። አንተ ገዳዩ ብትሆን፣ የሚተነውን የምታውቅ ሰው፣ አጠገቡ አትተኛም ነበር።»

ወደ ማቲ ዞረች። «አንተም አይደለህም። ስለ ዕቃህ የፈራ ሰው የገዛ ዕቃውን ነፍሰ ገዳይ አያደርግም። ገዳዩ ካሌብን ማጅራቱን መታው፣ ጋዙን ከፍቶ ማሞቂያውን ለኮሰው፣ አየር ማስገቢያውን በፎጣ ደፍኖ በሩን ዘጋ። ጠዋት ፎጣውን አነሣ። የብረቶቹ ዝገት ስለታተመበት በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈው፤ ያኔ ይባስ ጸና። ዐዋጢፍ ይህን አትሳሳትም።»

«በፍጹም!» አለች ዐዋጢፍ።

«እትዬ አገኘሁሽ ካሌብን ራሳቸው ነው ያስጠሩት፤ በዚህ እጃቸውም ሰው መምታት አይችሉም። የቀረ አንድ ሰው ነው። አቶ ዳኜ፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

ዳኜ አልተንቀሳቀሰም። ጌትነት ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ቀስ ብሎ አወጣው።

«ሜርኩሪ ወርቅን ሲነካ ላዩን ነጭ ያደርገዋል» አለች ሸዋሉል። «ሌላ ጊዜ ጓንት ያደርጋሉ። ትናንት ግን ካሌብን ከመቱ በኋላ እዚያ የደበቁትን የማንጠሪያ ዕቃ በጥድፊያ ሲያወጡ ሜርኩሪው ፈሰሰብዎት። ወራት አልገባሁም ብለውኛል።»

«ይሄ ብር ነው» አለ ዳኜ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ቀይሬው ነው።»

«የእርስዎ ከጣት አይወጣም።»

ሸዋሉል ከካሌብ የሥራ ዕቃዎች መካከል ትንሽ ሞረድ አመጣች። ጌትነት እጁን ያዘ። ሞረዱ ቀለበቱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ፈገፈገው። ከነጩ ሥር ቢጫ መስመር ወጣ።



«ለመንኩት» አለ ዳኜ በመጨረሻ። «አጠገቡ ቆሜ ለመንኩት። ‹ሰው ይታመማል፣ ዝም ማለት አልችልም› አለኝ። ጀርባውን ሲያዞርልኝ... እስር ቤት ታየኝ። ይህ ሁሉ ሲፈርስ ታየኝ። ወርቁ ባይኖር ይህ ገንዳ አንድ ወር አይቆምም ነበር። ለእሷ ብዬ ነው የሠራሁት።»

«እትዬ፣ ግራ እጅዎን ስትሮክ አልነካውም ነበር» አለች ሸዋሉል፤ ይህንን መናገር ከሁሉ ከበዳት። «ትነቱ ክፍሉ ሲዘጋ በአየር ማስገቢያው ይወጣል። የሚቀመጡት ፊት ለፊቱ ነው።»

ዳኜ ሚስቱን አየ። ከዚያ የሚንቀጠቀጡትን እጆቻቸውን አየ። ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«አገኘሁሽ... አላወቅሁም። በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅሁም።»

አገኘሁሽ ዞር ብለው አላዩትም።

«ያን ልጅስ?» አሉ። «ሳታውቅ ነው የመታኸው?»

*

ጌትነት ዳኜን ይዞ ሄደ። ሸዋሉል አዲስ አበባ ደወለች። የካሌብ አባት ጠዋት የተነገራቸው ልጃቸው በራሱ ስሕተት፣ የተበላሸ ማሞቂያ ለኩሶ መሞቱን ነበር።

«ተሳስቶ አይደለም አባቴ» አለቻቸው። «እሱ እንዳይለኮስ ከልክሎ ነበር። ዝም በል ሲሉት እምቢ ብሎ ነው የሞተው።»

«እኔስ ልጄ ጥንቁቅ ነው ብዬ ነበር» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ አራት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ናሙናቸው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው። ጂራታ ወደ ወለሉ ያያል። ዐዋጢፍ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃሏ ዱዓ ታደርጋለች። ሸዋሉል ጫማዋን በፕላስቲክ አስጠቅልላ አስረክባ በባዶ እግሯ ነበረች። ያን ክፍል ሁለት ጊዜ ገብታለች። አባቷ ማንኪያው ከእጃቸው ሲወድቅ የሚያሰሙት ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም።

ነርሷ ብቅ ብላ «ማን ይቅደም?» አለች።

ማንም አልተነሣም። ሸዋሉል አጠገቧ ወደ ተቀመጡት አገኘሁሽ ዞረች።

«ፈራሁ፣ እትዬ» አለች፤ ቀኑን ሙሉ ለማንም ያላለችውን።

አገኘሁሽ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እጇን ያዙ።

«ነይ» አሉ እየተነሡ። «አብረን እንገባለን።»